በባንክ በር ላይ የተጻፈ ጠረጴዛ

ሰኞ

ደሴ፣ የአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ነበር። "ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ቁም ሣጥን፣ አልጋ በትእዛዝ እንሠራለን" ይላል። ፊደል ሳልቆጥር በዓይኔ ብቻ ያጠናሁት የመጀመሪያ ቃል የዚያ ሰሌዳ የመጀመሪያ ቃል ነው። ኋላ መጻፍ ስጀምር "ጴ" አልሆንልህ ብላኝ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ዛሬ ጠዋት አቴንስ ውስጥ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ያንኑ ቃል በባዕድ ፊደል ተጽፎ አገኘሁት። የተጻፈው ግን ባንክ በር ላይ ነበር።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በሰማያዊው የሜትሮ መስመር እስከ ሞናስቲራኪ፣ ከዚያ በአረንጓዴው እስከ ቪክቶሪያ መጣሁ። የአክስቴ ልጅ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ኪፕሴሊ በሚባለው ሰፈር ከኖረች 11 ዓመት ሆኗታል። ሽማግሌ ይጦራሉ ከሚባሉት እህቶቻችን አንዷ ናት፤ ቀን ቀን አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ተቃቅፈን፣ የእናቴን የአባቴን ጤንነት ጠይቃኝ፣ መንገድ ጀመርን።

ከመምጣቴ በፊት ሁለት ወር ያህል የግሪክን ፊደል ሳጠና ነበር። ቋንቋውን አልችልም፤ ማንበቡን ብቻ ነው የተማርኩት። ስለዚህ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ያየሁትን ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ። "ፋርማኪዮ" ስል መድኃኒት ቤት መሆኑን ራሴ አወቅሁት። "ፉርኖስ" ስል የዳቦው ሽታ ቀድሞኝ መጣ። ፉርኖ ዳቦ የምንለው ቃል ከጣሊያን መጣ እንጂ ከእነሱ አልመጣም፤ ሁለቱም ግን ምድጃ ከሚለው የላቲን ቃል ተወልደዋል። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ደረስን። ታፍ፣ ሮ፣ አልፋ፣ ፒ፣ ኤፕሲሎን፣ ዚታ፣ አልፋ። ትራፔዛ።

"ይሄ የጠረጴዛ መሸጫ ነው?" አልኳት።

"ኧረ ባንክ ነው! ትራፔዛ ማለት ባንክ ማለት ነው።"

"ታዲያ ጠረጴዛውን ምን ይሉታል?"

"ትራፔዚ" አለች። ካለች በኋላ ራሷም ቆም አለች። 11 ዓመት ሙሉ ደመወዟን ከትራፔዛ ስታወጣ፣ ትራፔዚ ስትወለውል፣ ሁለቱን ከኛ ጠረጴዛ ጋር አገናኝታቸው አታውቅም ነበር። ሰው በየቀኑ የሚነካውን ነገር ስም ቆም ብሎ አይሰማውም፤ እኔም ብሆን የአባቴ ልጅ ባልሆን ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር።

ሳምንቱን ለምን እንደማውለው የዚያን ጊዜ ወሰንኩ።

ማክሰኞ

የአክስቴ ልጅ የምትንከባከባቸውን እናት አገኘኋቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ጡረታ እስኪወጡ ባንክ ቤት ነው የሠሩት። እሷ "ኪሪያ" ብላ ነው የምትጠራቸው፤ እኛ "እሜቴ" ወይም "ወይዘሮ" እንደምንለው ነው። ቃሉን ስሰማ በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ የምንለው "ኪርያላይሶን" ጆሮዬ ላይ ደወለ። እሱም የግሪክ ነው፤ "ኪሪዬ ኤሌይሶን"፣ "ጌታ ሆይ ማረን"። ኪሪዮስ ጌታ ነው፣ ኪሪያ እመቤት። በልጅነቴ ከአያቴ አጠገብ ሆኜ ስሰግድ የማን ቋንቋ እንደሆነ ሳላውቅ የጮህኩትን ቃል አሁን አንዲት እናት ቡና እየቀዱልኝ ሰማሁት።

ስለ ትራፔዛ መጠየቄን ሲሰሙ ኪሪያ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ታየ። የአክስቴ ልጅ እያስተረጎመች ሁለት ሰዓት ያህል አወሩኝ። ትራፔዛ የጥንቱ ቃል ነው፤ ጥንት ትርጉሙ ጠረጴዛ ነበር። "ትራፔዚ" የሚለው ከእሱ የወጣ ማሳነሻ ነው፤ "ትራፔዚዮን"፣ ትንሽ ጠረጴዛ። እኛ "በሬ"ን "በሬዬዋ" ብለን እንደምናቆላምጠው መሆኑ ነው። ዘመን ሲሄድ በየቤቱ ያለውን ዕቃ የማሳነሻው ቃል ወሰደው፤ ትልቁና ጥንታዊው ቃል ባንኩ ዘንድ ቀረ።

ከዚያ ቤተሰቡን ሁሉ ቆጠሩልኝ። የምግብ ክፍል "ትራፔዛሪያ" ነው። የጠረጴዛ ልብስ "ትራፔዞማንዲሎ"። ባለ ባንክ "ትራፔዚቲስ"፤ ይኼው ቃል መንጋጋ ጥርስንም ይጠራል፤ አናቱ ጠፍጣፋ፣ እህል የሚፈጭበት ስለሆነ። ይህን ሲሉ ጉንጫቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ፣ "ሥራዬን ስተው ጥርሴም አብሮ ሄደ" አሉ።

የወደድኩት ግን ሌላውን ነው። ግሪኮች እንግዳ ሲጋብዙ "እራት እጋብዝሃለሁ" ከማለት ይልቅ "ጠረጴዛ አደርግልሃለሁ" ይላሉ። ዕቃውም ድግሱም በአንድ ቃል ይጠራል። እኛም ገበታ ስንል እንጨቱንም በላዩ የቀረበውንም ነው፤ "ገበታ ቀረበ" ሲባል ሳንቃውን ማንም አያስብም። ኪሪያ ስወጣ "እሑድ ጠረጴዛ አደርግልሃለሁ" አሉኝ።

ረቡዕ

ኤዮሉ መንገድ ላይ የሚገኘውን የግሪክ ብሔራዊ ባንክ ለማየት ሄድኩ። ባንኩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው፤ የዛሬዋ ግሪክ መንግሥት ሆና ከቆመች ገና ብዙ ሳይቆይ። ኮትዚያ አደባባይ ዳር አዲሱን ሕንፃ ሲሠሩ የጥንቷ አቴንስ ቅጥርና ወደ አካርኔ የሚያወጣው በር ፍርስራሽ ተገኝቶ አሁን ከሕንፃው ሥር ይታያል። ባንኩ ድንጋዩን አልቀበረውም፤ ከላዩ ቆመ።

ለምንድን ነው ጠረጴዛ ባንክ የሆነው? መልሱን ከአደባባዩ ወደ ደቡብ በእግር ወርጄ አጎራ ውስጥ አገኘሁት። አጎራ የጥንቷ አቴንስ ገበያም ሸንጎም ነበር። የየከተማው ሳንቲም ልዩ ልዩ ስለነበረ ከባሕር ማዶ የመጣ ነጋዴ መጀመሪያ መንዛሪ ዘንድ መሄድ ነበረበት። መንዛሪው ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሳንቲም ደርድሮ ይቀመጣል። ታክሲ ተራ ላይ ሳንቲም ቆልለው ዝርዝር የሚሸጡትን ልጆቻችንን ማሰብ ይበቃል። ሰው "ወደ ጠረጴዛው ልሂድ" ይላል፤ መንዛሪ ዘንድ ማለቱ ነው። መንዛሪዎቹ ቀስ በቀስ አደራ መቀበል፣ በወለድ ማበደር ጀመሩ። ሥራው ሲሰፋ ስሙ አልተለወጠም።

የኛም "ባንክ" ከዚሁ ዓይነት ነገር ነው የመጣው። ጣሊያኖች መንዛሪ የሚቀመጥበትን አግዳሚ "ባንኮ" ይሉ ነበር፤ "ባንክ" ከዚያ ተወለደ። ቡና ቤት ገብተን የምንደገፈው "ባንኮኒ"ም የዚያው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ባንክና ባንኮኒ ወንድማማች ናቸው፤ አቴንስ ውስጥ ደግሞ ትራፔዛና ትራፔዚ። ሁለት ሕዝብ በተለያየ ዘመን አንድ ሰው ሳንቲም ቆጥሮ የተቀመጠበትን እንጨት አይቶ አንድ ዓይነት ስም አወጣ።

በአታሎስ ሰቀላ ውስጥ ያለው ሙዚየም ዘንድ ብዙ ቆየሁ። ሰቀላው ጥንት የጴርጋሞን ንጉሥ ለአቴናውያን ያሠራላቸው ነው፤ አሁን ያለው እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1956 እንደገና የታነጸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አጎራ ውስጥ አንድ ሕግ የተቀረጸበት የእብነ በረድ ድንጋይ ተገኝቷል፤ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 375 ዓመት ገደማ ነው። ስለ ብር ሳንቲም ነው የሚናገረው። የመንግሥት ባሪያ የሆነ አንድ ሳንቲም ፈታኝ "በጠረጴዛዎቹ መካከል ተቀምጦ" ይፈትን ይላል። ጠረጴዛዎቹ ያላቸው የመንዛሪዎቹን ነው። ላዩ ብር፣ ውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ የሆነ ሳንቲም ካገኘ መሐል ለመሐል ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ለአማልክት እናት መቅደስ ይሰጣል። ፈታኙ ደህና ነው ያለውን ሳንቲም አልቀበልም ያለ ነጋዴ የዚያን ቀን ሸቀጡን ይወረሳል። ፈታኙ ራሱ በቦታው ካልተቀመጠ 50 ጅራፍ ይገረፋል።

አንድ ባሪያ የዜጋውን ሳንቲም "ይህ ሐሰት ነው" ብሎ የመቁረጥ ሥልጣን ነበረው። ቢያጓድል ደግሞ ጀርባው ይተለተላል። ያንን ድንጋይ ትቼ መሄድ ከበደኝ።

የጠረጴዛ ሰው ከሆኑት ሁሉ ስሙ የገነነው ፓሲዮንም ባሪያ ነበር። ፒሬየስ ወደብ ላይ የባንክ ባለቤቶች ገዝተውት በጠረጴዛቸው ሲያገለግል ታማኝነቱን አይተው ነጻ አወጡት፤ ባንኩም በእጁ ገባ። ለከተማይቱ 1,000 ጋሻና 5 የጦር መርከብ ሰጥቶ ዜግነት አገኘ፤ አቴናውያን ደግሞ ዜግነትን እንደዋዛ የሚሰጡ ሰዎች አልነበሩም። የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ370 አካባቢ ነው። ሲሞት ባንኩን የመራው ፎርሚዮን ደግሞ እሱ ራሱ ነጻ ያወጣው ባሪያ ነበር፤ የፓሲዮንንም ሚስት አገባ።

ማታ የአክስቴን ልጅ የግሪክ ወንጌል ገልጬ አየሁ። ጌታ በቤተ መቅደስ የገለበጠው የመንዛሪዎቹ "ትራፔዛስ" ነው፤ ማቴዎስ 21። ሉቃስ 19 ላይ ደግሞ ጌታው ያንን ሰነፍ አገልጋይ ገንዘቤን ለምን "ትራፔዛ" ላይ አላኖርከውም ይለዋል፤ እዚህ ላይ ባንክ ማለት ነው። ቃሉ ያን ጊዜም ሁለቱን ትርጉም አቅፎ ይሄድ ነበር።

ሐሙስ

እግሬ አበጠ። ቀኑን በፎኪዮኖስ ኔግሪ ዛፎች ሥር አሳለፍኩት። መኪና የማይገባበት የእግረኛ መንገድ ነው፤ በሁለቱም ዳር ቡና ቤቶች ጠረጴዛ አውጥተው ዘርግተዋል። እንዲህ ያለውን መንገድ "ፔዞድሮሞስ" ይሉታል፤ "ፔዞስ" እግረኛ ነው። በትራፔዛ ውስጥ ያለው "ፔዛ"ም ከዚያው ሥር ነው፤ እግር። ፊቱ የቀረው "ትራ" ደግሞ "ቴትራ" ከሚለው የተቆረጠ ነው፤ አራት። ጠረጴዛ ማለት ባለ አራት እግር ማለት ነው።

ትምህርት ቤት የተማርነው ትራፔዚየምም የዚሁ ነው፤ የትንሽ ጠረጴዛ ቅርጽ። በጥቁር ባሕር ዳር ያለችው ትራብዞንም በጥንት ስሟ ትራፔዙስ ነበረች።

ዓርብ

ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም። ጠዋት ገብቼ ሊዘጋ ሲል ነው የወጣሁት።

መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ። በሸክላዎቹ ላይ የተሳሉትን ግብዣዎች እያየሁ የጠረጴዛ እግር እቆጥራለሁ። ሰዎቹ በክንዳቸው ተደግፈው አልጋ ላይ ተጋድመዋል፤ በእያንዳንዱ አልጋ ፊት ዝቅ ያለ ረዘም ያለ ገበታ ቆሟል፤ እንጀራ ከምናቀርብበት ከፍታ ብዙም አይርቅም። እግሩ ግን ሦስት ነው። ሁለት በአንድ ጫፍ፣ አንድ በሌላው ጫፍ። ሌላ ሸክላ ሄድኩ፤ ሦስት። ስሙ ባለ አራት እግር የሆነ ዕቃ በሦስት እግር ቆሞ ይበላበታል።

ይህን የአባቴ ልጅ ያውቃል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ የትም ብታስቀምጡት አይነቃነቅም፤ ወለሉ ቢጎረብጥም ሦስቱ እግር መሬት ያገኛል። ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ግን አንዱ እግሩ በጥቂት ካጠረ ሙሉ ቀን ሲንገጫገጭ ይውላል። አባቴ ጠረጴዛ ከጨረሰ በኋላ ሲሚንቶው ላይ አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ያያል፣ በሞረድ ይነካካል፣ ደግሞ ያቆማል። ለአንድ ጠረጴዛ ግማሽ ቀን እዚህ ላይ ይሄዳል። በድንጋይ ወለልና በአፈር ላይ የሚበሉት የጥንት ግሪኮች ሦስቱን የመረጡት ለዚህ ይመስለኛል፤ የአናጢ ጥበብ ነው።

ከዚያ ሚኬኔ ወደሚባለው ጥንታዊ የግሪክ ሥልጣኔ ክፍል ገባሁ። የወርቁ ጭንብል ዙሪያ ሰው ተሰብስቧል። እኔ የፈለግሁት አልፎ በመስታወት ውስጥ ያለውን ቁራጭ ጭቃ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ግሪክ ካለው ከጲሎስ ቤተ መንግሥት የመጡ የጭቃ ሰሌዳዎች ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ገደማ ተቃጠለ። ጸሐፊዎቹ ጭቃውን አልጠበሱትም ነበር፤ ለዓመቱ ሒሳብ ብቻ የተጻፈ፣ ኋላ የሚፈርስ ነገር ነው። ከተማውን ያጠፋው እሳት ጭቃውን ጠበሰው፤ መዝገቡ ዳነ።

ካርል ብሌገን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1939 መቆፈር ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን ነው ሰሌዳ ያገኘው። ጦርነቱ ሲመጣ የተገኙትን አቴንስ ውስጥ በባንክ ካዝና አኖሯቸው። ጽሕፈቱን ሊኒያር ቢ ይሉታል፤ ምን ቋንቋ እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። የፈታው ማይክል ቬንትሪስ ነው፤ ሙያው ሕንፃ መንደፍ የሆነ እንግሊዛዊ፣ ገና 30 ዓመት ያልሞላው። እ.ኤ.አ. በ1952 በሬዲዮ ቀርቦ ይህ ጽሑፍ ግሪክኛ ነው አለ። ብዙ ሊቃውንት ተጠራጠሩ። በዓመቱ ብሌገን ከጲሎስ ያወጣውን አዲስ ሰሌዳ በቬንትሪስ ቁልፍ ሲያነበው "ቲ-ሪ-ፖ" የሚል ወጣለት፤ ከጎኑ ባለ ሦስት እግር ድስት ተሥሏል። ትሪፖድ! ፎቶ አንሺዎቻችን ካሜራ የሚያቆሙበት ባለ ሦስት እግር ስሙ ይኸው ነው። ሥዕሉና ንባቡ ተገናኙ፤ ክርክሩም ለአብዛኛው ሰው በዚያ አበቃ። ቬንትሪስ በ34 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ በመኪና አደጋ ሞተ።

ከዚያው ዓይነት ሰሌዳ መካከል የቤተ መንግሥቱን የቤት ዕቃ የሚዘረዝሩ አሉ። እዚያ ውስጥ ጠረጴዛ አለ። "ቶ-ፔ-ዛ"።

ሊኒያር ቢ እንደ ግሪክ አልፋቤት አይደለም። ከ80 በላይ ምልክት አለው፤ እያንዳንዱ ምልክት እንደኛ ፊደል ድምፁን ከነአናባቢው ይይዛል። ከ"ጠ" እስከ "ጦ" ስንቆጥር እንዳደግነው ማለት ነው። በግሪክ አልፋቤት ሰባት ፊደል የሚፈጀው ቃል እዚያ በሦስት ምልክት ያልቃል፦ ቶ፣ ፔ፣ ዛ። በመሐል ያለችውን "ር" ግን ጽሕፈቱ አይዝም፤ ሲናገሩት "ቶርፔዛ" ነበር። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በኛ ፊደል "ቶፔዛ" ብዬ ስጽፈው፣ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ጸሐፊ እንደ ጻፈው ድምፅ በድምፅ ሆነ። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። እዚያው መስታወቱ ፊት ቆሜ ዓይኔ እንባ ቋጠረ፤ ለምን እንደሆነ ጥበቃዋ ብትጠይቀኝ ማስረዳት አልችልም ነበር።

የጲሎሱ ጸሐፊ ጠንቃቃ ነው። የድንጋይ ጠረጴዛ አለ፣ በዝሆን ጥርስ የተሠራበት አለ ይላል። ደግሞ አንዱ ባለ ስድስት እግር፣ ሌላው ባለ ዘጠኝ እግር ነው ብሎ ይጽፋል። "ባለ አራት እግር፣ ባለ ዘጠኝ እግር" እንደ ማለት ነው። በዚያ ዘመን እንኳ በስሙ ውስጥ ያለውን አራት የሚሰማ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ስም ሆኖ ነበር፤ በቃ።

ቅዳሜ

በኢሚቶስ ተራራ ዳገት፣ ከከተማው አፋፍ፣ የኬሳሪያኒ ገዳም አለ። በአውቶቡስ ሰፈሩ ድረስ ሄጄ የቀረውን በጥድና በወይራ መካከል በእግሬ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሥራ ነው። ከቅጥሩ ውጪ በእብነ በረድ በግ ራስ አፍ ውስጥ የሚወርድ ምንጭ አለ፤ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ጠበል ቦታ ያለሁ መሰለኝ። መነኮሳት አሁን አይኖሩበትም።

ወደዚህ የመጣሁት ከግቢው በምዕራብ በኩል ላለው ቤት ስል ነው። መነኮሳቱ አንድ ላይ ይመገቡበት የነበረ አዳራሽ ነው፤ ከጎኑ ምድጃ ያለው ማድ ቤት አለ። ስሙ "ትራፔዛ" ነው። በግሪክ ገዳማት ሁሉ የማዕድ ቤት ትራፔዛ ይባላል፤ ትራፔዚ አይባልም። በመቅደሱ ውስጥ ቅዱስ ቁርባን የሚሠዋበትም፣ እኛ መንበር የምንለው፣ "አጊያ ትራፔዛ" ነው፤ ቅድስት ጠረጴዛ። በከተማው ውስጥ ቃሉን ባንክ ሲወስደው፣ በቤተ ክርስቲያን ግን ጥንት እንደነበረ ተቀመጠ። እኛም ዘንድ እንዲሁ። ግሪካዊው ዛሬ ምሳውን የሚበላው በማሳነሻው ስም ነው፤ ደሴ ያለ አናጢ ግን ሙሉውን ጥንታዊ ቃል፣ ከነመጨረሻው "ዛ"፣ በመጀመሪያው ትርጉሙ በየቀኑ ይጠራዋል።

ቃሉ ወደኛ የመጣበት ዘመን ሩቅ ነው። አክሱማውያን ገንዘባቸው ላይ በግሪክ ይጽፉ ነበር። ንጉሥ ኢዛና ድሉን በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ አስቀርጿል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከጢሮስ የመጡ፣ ግሪክኛ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። መጻሕፍቱም ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲመለሱ ወንጌል፣ ዲያቆን፣ ጳጳስ፣ ጰራቅሊጦስ የሚሉት ቃላት አብረው ገቡ። ጠረጴዛን ግዕዝ ያገኘው ከዚያው ቋንቋ ነው፤ መንገዱም ፊደሉ ላይ ተጽፎ ይታያል።

የግሪክ "ታፍ"ን አባቶቻችን በ"ጠ" ጻፉት፣ "ፒ"ን በ"ጰ"፣ "ካፓ"ን በ"ቀ"። ትንፋሽ የሚወጣባቸውን ደግሞ ለይተው በ"ተ"፣ በ"ፈ"፣ በ"ከ" ጻፏቸው። ጢሞቴዎስ የሚለውን ስም እዩት፤ የመጀመሪያው "ጢ" ታፍ ነው፣ ቀጥሎ ያለው "ቴ" ቲታ። ፊልጶስ ላይ "ፊ"ና "ጶ" ተለይተዋል። ማርቆስ በ"ቆ"፣ ክርስቶስ በ"ክ"። (ክርስቶስ ላይ ታፏ "ቶ" ሆና ከሕጉ ወጥታለች፤ ሕግ ሁሉ እንዲህ ነው።) ይህ በግምት የተደረገ አይደለም፤ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ድምፁን ሰምተው ነው የለዩት። "ጰ" ራሷ በአብዛኛው ለእነዚህ እንግዳ ቃላት የምታገለግል ፊደል ናት። ልጅ ሆኜ እጄን ያስቸገረችኝ "ጴ" የመጣችበት ቦታ ላይ ተቀምጬ ነበር ማለት ነው፤ በማዕድ ቤቱ ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ።

አያቴ ዳዊት ሲደግሙ "ወሠራዕከ ማእደ በቅድሜየ" የሚለው ላይ ድምፃቸው ይለሰልስ ነበር። በአማርኛው "በፊቴ ገበታን አዘጋጀህልኝ" ነው። በግሪኩ መዝሙር እዚያው ቦታ ላይ ያለው ቃል "ትራፔዛን" ነው። ወደ አዳራሹ ደግሜ ገባሁ። ቅዝቃዜው ደስ ይላል።

እሑድ

ኪሪያ እንዳሉት ጠረጴዛ አደረጉልኝ። የአክስቴ ልጅ ከሌሊት ጀምራ ስታግዛቸው ነበር። በግ በምድጃ፣ ድንች በሎሚ፣ የዱር ቅጠል በወይራ ዘይት። ዳቦውን በእጅ ቆርሰው ነው የሰጡኝ፤ እንደ ጉርሻ ቆጠርኩት።

ከምሳ በኋላ ትላንት ያሰብኩትን ልፈትን ብዬ ስስ የወረቀት መሐረብ በአፋቸው ፊት ያዝኩላቸው። "ፔትሮስ ይበሉ" አልኳቸው። አሉ፤ ወረቀቱ አልተነሳም። እኔ "ጴጥሮስ" አልኩ፤ አልተነሳም። "ፖሊስ" ስል ግን ወረቀቱ ተርገበገበ። ኪሪያ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና "እስቲ ይህን በላቸው" አሉ። "ጠረጴዛ" አልኩ። የአያቴን አነጋገር ትመስላለህ አሉኝ።

ማታ ሻንጣዬን ካዘጋጀሁ በኋላ ደሴ ደወልኩ። አባቴ የሳምንቱን ወሬ ሁሉ በጸጥታ ሰማኝ፤ ስለ ባንኩ፣ ስለ ባሪያው፣ ስለ ቬንትሪስ። ባለ ዘጠኝ እግሩ ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

"ዘጠኝ አልክ?"

"አዎ አባባ። ጭቃው ላይ ተጽፏል።"

"እንጨቱ ምንድን ነው?"

"ኩቴሶ የሚል ቃል አለ። ጥቁር እንጨት ነው ይላሉ።"

ትንሽ ዝም አለ። ከኋላው የእናቴ ሬዲዮ ይሰማል።

"ዞጲ ከሆነ ከባድ ነው" አለ። "ሳንቃው ረዥም ከሆነ በአራት እግር መሐሉ ይጎብጣል። ዘጠኙን ያደረገለት ሰው አናጢ ነው።"